ጦሙን ያደረው ማን ነው? የንግድ እርሻና የገጠሩ ሕዝባችን

ስለ እርሻ ኢንቨስትመንት በተነገረ ቁጥር ከባለሥልጣናት አንደበት የማይለይ አንድ ሐረግ አለ፤ «ጦሙን ያደረ መሬት» የሚለው። አገራችን ሰፊና ለም መሬት አላት፤ መሬቱ ግን የሚያለማው አጥቶ ጦሙን አድሯል፤ ስለሆነም ካፒታልና ማሽን ላለው ባለሀብት ተሰጥቶ ይልማ ይባላል። ለጆሮ የሚጥም ክርክር ነው። ረሀብ ስሟን ባጠፋባት አገር ለም መሬት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ሲባል የማይቆጨው ማን አለ?

የታሪክ ተማሪ ግን ከመቆጨቱ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል። ዘውዳዊው መንግሥት፣ ደርግና ኢሕአዴግ በርዕዮተ ዓለም አይገናኙም፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ሲያፈርስ ኖሯል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ቃል ተናግረዋል። በቆላው አገር ማንም የማይጠቀምበት መሬት ሞልቷል ብለው አምነዋል፤ በእምነታቸውም መሠረት መሬት አከፋፍለዋል። እንዲህ የተራራቁ መንግሥታት በዚህ ላይ ስለምን ተስማሙ? ባዶ ነው የተባለው መሬትስ በእርግጥ ባዶ ነበርን?

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ እኔ የንግድ እርሻ ተቃዋሚ አይደለሁም። ሕዝባችን ከመቶ ሚሊዮን አልፏል፤ ለራስ ጓዳ ብቻ በሚያመርት ገበሬ ከተማን መቀለብ አይቻልም። ለማሳየት የምሞክረው ሌላ ነገር ነው። በታሪካችን ሰፋፊ እርሻ በተቋቋመበት ስፍራ ሁሉ መሬቱ ዋጋ ባወጣ ቀን፣ መብቱ በወረቀት ያልሰፈረለት ተጠቃሚ ከነጭራሹ እንዳልነበረ ተቆጥሯል። በአዋሽ ዳር ይህ ዕጣ የደረሰው አርብቶ አደሩን ነው፤ በጭላሎ ጭሰኛውን፤ በጋምቤላ ደግሞ የባሮን ዳርቻ የሚያርሰውን ሰው።

ሁሉም የተጀመረው ከሕጉ ነው

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ የመንግሥት ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ድንጋጌው ደኖችን፣ ወንዞችንና ሐይቆችን ሲዘረዝር የግጦሽ መሬቶችንም በዚያው መዝገብ አስገብቷቸዋል። ለደገኛው ባለርስት ይህ ቃል ብዙም የሚያሰጋ አልነበረም፤ ርስቱ በአያት በቅድመ አያት ይቆጠራል፤ ግብርም ይከፈልበታል። በዚያን ጊዜ አጠራር «ዘላን» ለሚባለው ሕዝብ ግን ትርጉሙ ከባድ ነበር። ለዘመናት የተሰማራበት አገር በአንዲት ዐረፍተ ነገር የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በኋላ መንግሥት መሬቱን ለኩባንያ ሲሰጥ፣ በራሱ ሕግ ዓይን፣ ከማንም አልወሰደም።

ኢኮኖሚያዊው ምክንያትም መዘንጋት የለበትም። አገሪቱ ስኳር ከውጭ ትገዛ ነበር፤ አዳዲሶቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጥጥ ይሹ ነበር። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ያካበተውን የሸንኮራ አገዳ ልምድ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1951 ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎችም ተከተሉ። ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. የተሠራበት ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ደግሞ የገበሬውን እርሻ መለወጥ ዘገምተኛ ሥራ ነው፣ ፈጣን ትርፍ ምርት የሚገኘው ከሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ነው የሚል አቋም ያዘ። በትራክተርና በእርሻ መሣሪያ ላይ ቀረጥ ተነሣ። ስኳሩ ተመረተ፤ ጥጡም ተለቀመ። ይህን መካድ አይገባም። ሒሳቡ ሲሠራ ግን በወጪ በኩል ያልተመዘገበ ነገር ነበር።

አዋሽ፦ ሣሩና ጥጡ

እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ግድቡ የወንዙን ሙላት ገራው፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ውኃውንና መሬቱን ማከፋፈል ያዘ። በታችኛው አዋሽ፣ በተንዳሆ፣ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በአክሲዮን ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። በመካከለኛው አዋሽም እንዲሁ እርሻ በእርሻ ላይ ተጨመረ። በላይኛው በኩል የከረዩ ኦሮሞ በመተሐራ ሜዳ የነበረው ግጦሽ ከፊሉ ለሸንኮራ፣ ከፊሉ ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ጉዳቱን ለመረዳት የአፋርን የዓመት ዑደት ማወቅ ያስፈልጋል። «ካርማ» የሚሉት የክረምቱ ዝናብ ሲጥል ከብቱና ግመሉ ከወንዙ ርቆ ወደ ሜዳው፣ ለምሳሌ ወደ አላይደጌ፣ ይወጣል። ዝናቡ የት እንደጣለና ሣሩ የት እንደበቀለ «ዳጉ» በሚባለው የዜና መለዋወጫ ልማድ ከሰው ወደ ሰው ይደርሳል። በጋው ሲበረታና የሜዳው ሣር ሲያልቅ መንጋው ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። በዚያ ወንዙ ሞልቶ አጥለቅልቆት የነበረ መሬት፣ ውኃው ሲሸሽለት፣ ለበጋ የሚሆን ለምለም ሣር ይዞ ይጠብቀዋል።

ይህ የወንዝ ዳር መሬት ከጠቅላላው የግጦሽ አገር ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። «ሰፊ በረሃ አላችሁ፤ ከዚያ ውስጥ ይህችን ቁራጭ ብንወስድ ምን ትሆናላችሁ?» የሚለው የባለሥልጣን ጥያቄ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። የቁራጯ ዋጋ ግን በስፋቷ አይለካም። የበጋው ሣር ከሌለ የክረምቱ ሜዳ ምንም ያህል ቢሰፋ ከብቱ እስከሚቀጥለው ዝናብ በሕይወት አይደርስም። ቤትን ከነግድግዳው ትቶ ምሰሶውን ብቻ እንደመውሰድ ነው። ደግሞም ቀያሹ በክረምት ቢመጣ በወንዙ ዳር ሰውም ከብትም ላያገኝ ይችላል፤ ሁሉም ሜዳ ወጥቷልና። በካርታው ላይ «ባዶ» ብሎ ቢጽፍ ያየውን ነው የጻፈው። ያላየው የቀረውን ስምንትና ዘጠኝ ወር ነው።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲያጥር የወሎ ገበሬ ብቻ ሳይሆን አፋሩም አለቀ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም የወሎን ረሀብ ለዓለም ገለጠ፤ የአፋሩ እልቂት ግን ያን ያህል አልታየም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ላርስ ቦንደስታም እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት በሸለቆው የካፒታሊስት እርሻ መስፋፋትና በአርብቶ አደሩ ጥፋት መካከል ያለውን ትስስር አሳይቷል። ድርቅ በአፋር አገር አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ድርቅ ሲመጣ የሚሸሹበት ወንዝ ዳር የጥጥ ማሳ ሆኖ መገኘቱ ነው። በተረፈው ግጦሽና ውኃ ላይም ከአጎራባች ሕዝቦች ጋር የሚደረገው ግጭት በረታ።

ሐቁን ሙሉ ለማድረግ፣ ከአፋሮችም የተጠቀመ ነበር። የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕና በዙሪያቸው የነበሩ ባላባቶች ራሳቸው ጥጥ አምራች ሆነው ከበሩ። ይህም ትምህርት አለው። የንግድ እርሻ አንድን ማኅበረሰብ በሙሉ አያደኸይም፤ በሥልጣን አጠገብ ያለውን ከፍ አድርጎ ተራውን እረኛ ይጥላል። ከዚያ በፊት ሀብታሙም ድኻውም መንጋውን ያሰማራ የነበረው በአንድ የጎሳ መሬት ላይ ነበር።

ጭላሎ፦ ለጭሰኛው የታሰበ ልማት

የአዋሹን በኩባንያ ስግብግብነት ማስረዳት ይቻል ይሆናል። የጭላሎው ታሪክ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በቅን ልቡና የተጀመረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአሕጽሮት ካዱ፣ በአርሲ ተቋቋመ። መቀመጫው አሰላ ነበር። ዓላማው ሰፋፊ እርሻ መክፈት ሳይሆን አነስተኛውን ባለይዞታና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ ብድር ሰጠ፤ የወተት ላም ዘር አሻሻለ፤ መንገድና ገበያ አመቻቸ። በሙያ ዓይን ሲታይ ተሳክቶለታል፤ የስንዴው ምርት በግልጽ አደገ።

ጭሰኛውን የጎዳውም ይኸው ስኬት ነው። በዚያን ጊዜ ሥርዓት ጭሰኛው እንደ ውሉ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል፤ ውሉም ብዙውን ጊዜ የቃል ነው። ምርቱ አነስተኛ በነበረበት ዘመን ባለመሬቱ ከተማ ተቀምጦ ድርሻውን መቀበል ይመቸው ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲመጣ ግን ስሌቱ ተለወጠ። አንድ ጋሻ መሬት፣ ማለትም 40 ሄክታር ገደማ፣ በበሬ ለማረስ ብዙ አባወራ ይጠይቃል፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ትራክተር ግን በጥቂት ቀናት ይገለብጠዋል። እኩሌታውን ከመቀበል ሁሉንም መውሰድ ይሻላል። ስለዚህ ባለመሬቱ ራሱ አራሽ ሆነ፤ ወይም ከከተማ ለመጣ ነጋዴ መሬቱን አከራየ፤ ጭሰኛውን «ውጣልኝ» አለው። ግጦሹም ታረሰ፤ ከብት የነበረው የአርሲ ሰው ወደ ቆላ ገፋ። መንደር ነበር፣ የስንዴ ማሳ ሆነ።

ስዊድኖቹ ነገሩን ሲረዱ የጭሰኝነት ሕግ እንዲወጣ ወተወቱ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴርም ረቂቅ አዘጋጀ። ረቂቁ የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ኪራዩ እንዲወሰን፣ ያለበቂ ምክንያት ማፈናቀል እንዲቀር የሚሻ ነበር። አብዮትን የሚጠራ ሕግ አልነበረም፤ ምናልባትም አብዮትን የሚያስቀር ነበር። ባለመሬቶች የሞሉበት ፓርላማ ግን እየጎተተ ሳያጸድቀው ቀረ። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በየካቲት 1957 ዓ.ም. አደባባይ ከወጡ በኋላ ወደ ዐሥር የሚጠጉ ዓመታት በዚህ ሁኔታ ባከኑ። ፓርላማው ያልሰጠውን ትንሹን መብት ደርግ በኋላ ከነባለመሬቱ ነቅሎ ሰጠው።

ስለ ሠራተኛው ጥቂት ቃል

የሰፋፊ እርሻ ደጋፊዎች «ሥራ ፈጠረ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ፈጥሯል። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው በወንጂና በመተሐራ አገዳ ቆርጦ ቤተሰቡን አኑሯል፤ ግብሩንም ከፍሏል። ነገር ግን ሥራው የተሰጠው መሬቱን ላጣው ሰው አልነበረም፤ ያጣውና የተቀጠረው ለየብቻ ናቸው። የተቀጠረውም በጤናው ከፍሎበታል። በወንጂ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር ለብዙ ዓመታት የጠጡት ሠራተኞች ጥርሳቸው ከመበለዙ አልፎ አጥንታቸውና አከርካሪያቸው ሲጎብጥ የሕክምና ጥናቶች መዝግበዋል። በሰሊጥና በማሽላ እርሻው ወደሚታወቀው ሁመራ በየዓመቱ የሚወርደው ደገኛ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ካላዛር የተባለውን የቆላ በሽታ ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኖሯል። በእርሻ ድርጅቶች የትርፍና ኪሳራ መዝገብ ላይ እነዚህ ወጪዎች አይታዩም።

አዋጁ መጣ፤ ማሳው ግን አልተመለሰም

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አጠፋ። መሬት መሸጥና ማከራየት ተከለከለ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የጭላሎ ጭሰኛ በደስታ መፈንደቁ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚህ ረገድ አዋጁ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ደርግን የሚጠሉ ሰዎችም ይህን አይነሡትም።

ሰፋፊዎቹ እርሻዎችስ? አዋጁ አርብቶ አደሮች በልማድ ለግጦሽ በሚጠቀሙበት መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፏል። እንግዲህ የአፋር መብት በወረቀት ሰፈረ ማለት ነው። ነገር ግን የተንዳሆና የመካከለኛው አዋሽ ማሳዎች ለእረኛው አልተመለሱም፤ ተወርሰው የመንግሥት እርሻ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1979 ለመንግሥት እርሻዎች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በአሚባራም አዲስ የመስኖ እርሻ ተስፋፋ። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና ብድሩ በብዛት የሚሄደው አብዛኛውን የአገሪቱን እህል ወደሚያመርተው ገበሬ ሳይሆን ወደነዚህ እርሻዎች ነበር። ለአፋሩ እረኛ የተለወጠው የዘበኛው አለቃ ብቻ ነው። ቀድሞ ከብቱን ከማሳው የሚያባርረው የኩባንያው ዘበኛ ነበር፤ አሁን «የሰፊው ሕዝብ ንብረት» ጠባቂ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መብትን መጻፍ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የተጻፈውን የሚያስፈጽም፣ መንግሥትንም ሳይቀር የሚዳኝ አካል ከሌለ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጋምቤላ፦ ሄክታሩ በ20 ብር

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ አርብቶ አደሩም ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። ይኸው አንቀጽ የግል ባለሀብቶች በክፍያ በመሬት እንዲጠቀሙ መንግሥት ሊፈቅድላቸው እንደሚችልም ይናገራል። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ታየ።

የዓለም የምግብ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንር ባለሀብቶች በአፍሪካ መሬት ፍለጋ ተሰማሩ። መንግሥት በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ሰፊ «ጦሙን ያደረ መሬት» አለን ብሎ በሩን ከፈተ። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በተፈረመ ውል በጋምቤላ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ወሰደ። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። በዚያው ዘመን በክልሉ ሰፊ የመንደር ማሰባሰብ ተካሄደ። መንግሥት ሕዝቡ በፈቃዱ ነው የሄደው፣ ዓላማውም ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ማቅረብ ነው አለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ባወጣው ሪፖርት ብዙዎች በግዳጅ መነሣታቸውን አመለከተ። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. በሳዑዲ ስታር እርሻ ላይ ታጣቂዎች ጥቃት አድርሰው ሰዎች ሞቱ።

የአኙዋ ገበሬ ባሮ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ርጥበት ላይ በቆሎ ይዘራል፤ በደጋው መሬት ላይም ለተወሰኑ ዓመታት አርሶ ማሳውን ያሳርፋል። ያረፈ ማሳ ለማያውቀው ሰው ባዶ ይመስላል። እንደገና የአዋሹ ስሕተት ነው፤ የወቅትን መሬት በአንድ ቀን ጉብኝት መመዘን። ወንዙ ራሱ ምስክርነቱን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 የባሮ ሙላት የካሩቱሪን በቆሎ አጥለቀለቀው። አኙዋው ከማሳው በፊት ሙላቱን ያጠናል፤ ኩባንያው ግን ያየው ሄክታሩን ነበር። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሲሰርዝ ከ100,000 ሄክታር ውስጥ የለማው 1,200 ሄክታር ገደማ ብቻ መሆኑን ገለጸ። ይኸውም ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ጦሙን አድሯል ተብሎ የተሰጠው መሬት በእርግጥ ጦሙን ያደረው ከተሰጠ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ኪሳራው የተነሺው ብቻ አይደለም። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በተነሣው ተቃውሞ የአበባና ሌሎች እርሻዎች ተቃጥለዋል። የንብረት ማውደምን አልደግፍም። ነገር ግን አካባቢው ያልተስማማበት እርሻ በጥይት ካልተጠበቀ የማይቆም መሆኑን ባለሀብቱም ባንኩም ሊያስቡበት ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ገበያ በራሱ ገጠርን አያፈርስም። የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ገበሬ ቡናውን ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ ከመቶ ዓመት በላይ ከሚታወቅበት ጓሮው አልተነቀለም። በእርግጥ ዋጋ ሲወድቅ ይጎዳል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የቡና ዋጋ ሲያሽቆለቁል ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ብዙ ነው። ዳሩ ግን የሚነቅለውም የሚተክለውም እርሱ ራሱ ነበር። በካዱ ዘመን የጭላሎ ጭሰኛ ያጣው ይህን ነው።

ዛሬ ጥያቄው እንደገና ሕያው ሆኗል። በደጋው ገበሬዎች ማሳቸውን በኩታ ገጠም አቀናጅተው ስንዴ ያመርታሉ፤ ይዞታቸው በስማቸው እስከቆየ ድረስ ይህ የሚያበረታታ ጅምር ነው። በቆላው፣ አፋርን ጨምሮ፣ የበጋ ስንዴ በመስኖ ይዘራል። እዚህ ላይ የማነሣው ጥያቄ የቀድሞው ነው። ስንዴው የሚዘራው በበጋ ነው፤ አርብቶ አደሩም ወንዝ ዳር የሚፈልገው በበጋ ነው። ሁለቱ በአንድ ወር አንድ መሬት ላይ ሲገናኙ ማን ተጠየቀ? ለመንጋው ወደ ውኃ የሚወርድበት መተላለፊያ ቀረለት ወይ? ከኪራዩና ከምርቱ ለጎሳው የሚደርሰው ስንት ነው?

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በደጋው ለሚሊዮኖች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቷል። ሚስት ከባል ጋር ስሟ የሰፈረበት ደብተር መኖሩ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። የወል ግጦሽና የወንዝ ዳር መሬት ግን በአብዛኛው እስከ ዛሬ በደብተር የለም። ከሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የወሉን መሬት ከነወቅቱ መመዝገብ። ይህ መሬት በክረምት የማን ነው? በበጋስ? ሙላት ሲሸሽስ? ይህ ሳይጻፍ የሚፈረም ማንኛውም የእርሻ ውል፣ የ1948ቱን አንቀጽ 130 በአዲስ ወረቀት መገልበጥ ነው። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ባለሀብቱ የሚዋዋለው ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ይሁን፤ እምቢ የማለት መብትም ይኑር። እምቢ ማለት የማይቻልበት ምክክር ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይባልም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርቦ «ጦሙን ያደረ መሬት» ሲል ስንሰማ፣ ቁጭት ከመጀመራችን በፊት እንጠይቀው። በየትኛው ወር ነው ያዩት? በዚያ ወር ባለቤቶቹ የት ነበሩ? እርሻው ከተከፈተ በኋላስ ጦሙን የሚያድረው ማን ይሆን?

ልቦና ይስጠን። ቸር ያሰንብተን።